አንድ ዋስ ለአንድ እስረኛ

አሮጊቷ ወርደው ሳይጨርሱ የጭነት መኪናው ተንቀሳቀሰ። አንድ እግራቸው መሬት ነክቶ ሌላው አየር ላይ እንዳለ፣ አስር አለቃዋ ከዘብ ቤቱ ሮጣ ወጥታ ብብታቸውን ያዘች። ሾፌሩ ዞር ብሎም አላየ፤ ከሰሉን ለማራገፍ ቸኩሏል። አሮጊቷ ከራስ እስከ እግራቸው ጠቁረዋል። በደረታቸው ያቀፉት የጨርቅ ጥቅልል ግን ንጹሕ ነበር።

“የሴቶቹ ወኅኒ ይሄ ነው?” አሉ፣ ትንፋሻቸው ሳይመለስ።

“ነው፣ እማማ።”

“የወንዶቹስ?”

“ከድልድዩ ማዶ።”

አንዴ የብረቱን በር፣ አንዴ ድልድዩን አዩ። ሦስት ቀን ሙሉ የከሰል ጆንያ ላይ ተቀምጠው የመጡት ከሁለቱ ወደ አንዱ ለመሄድ ነው። አሁን እግራቸው ወዴትም አልነሣ አለ።

“ሁለቱም የኔ ናቸው፤” አሉ። “ጣትሽ ግን አንድ ነው አሉኝ።”

አስር አለቃዋ ማን እንደሆኑ ያወቀችው ያኔ ነው። የልብስ ሰፊዋ እናት። ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቃቸው ነበር።

ድንጋጌው ከወጣ ሁለት ወሩ ነው። አዲሱ መንግሥት ስቅላትን አስቀረ፤ ገመዱም ከግቢው ተነሣ። ሞት ተፈርዶበት ወደ ዕድሜ ልክ የተለወጠለት ማንኛውም ሰው አሥር ዓመት ከፈጸመና ቤት ያለው አንድ ሰው በአካል ቀርቦ ዋስ ከሆነው ይለቀቅ ተባለ። አንድ ዋስ ለአንድ እስረኛ። ምዝገባው ዛሬ ዐርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። እንደገና የሚከፈተው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ልብስ ሰፊዋና ታናሽ ወንድሟ የታሰሩት በአንድ ቀን፣ በአንድ ፍርድ ነበር። ባሏ በገዛ የከሰል መተኮሻዋ እጇን የጠበሰ ቀን ወንድሟ ለጉዳይ ብሎ ቤቷ ደረሰ። ጩኸቷን የሰማው ከደጅ ነው። ባሏ በዚያው ቀን ሞተ። ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደመታ ፍርድ ቤቱም አልለየው፤ ለሁለቱም እኩል ፈረደባቸው። እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ እሱ ዐሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

“የቱን ልተው?” አሉ አሮጊቷ። “አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፤ ንገሪኝ።”

“ማንንም አይተዉም፣ እማማ። እኔ አስቤበታለሁ።”

እውነትም አስባበት ነበር። ፊደል የቆጠረችው በሠላሳ ዓመቷ ስለሆነ ድንጋጌውን ሰሌዳው ላይ ከለጠፈችው ጀምሮ በጣቷ እየተከተለች አምስት ጊዜ አንብባዋለች። “ቤት ያለው ማንኛውም ሰው” ይላል። የእናትየው ቤት ግማሹ ከአባቱ በውርስ ለልጁ የተላለፈ ነው። እናት ለልጃቸው ከፈረሙለት ልጁ ነፃ ሰው ይሆናል። ነፃ ሰው ደግሞ ቤት ካለው ለእኅቱ መፈረም ይችላል። በተቃራኒው ግን አይሆንም፤ ልብስ ሰፊዋ በስሟ ያለ ቤት የላትም። የባሏን ቤት የባሏ ወንድሞች ወስደውታል፤ ከአባቷም ለሴት ልጅ የተረፈ የለም።

ይህን ያሰበች ቀን አስር አለቃዋ በራሷ ኮርታ ነበር። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ ስትቆልፍ እንጂ ስትከፍት አይታ አታውቅም።

አሮጊቷ ሲነገራቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙ። ሦስተኛውን ራሳቸው ደገሙት። ከዚያ በሩ ላይ ካለችው መስኮት የልብስ ሰፊዋ ፊት ብቅ አለ።

“እማዬ።”

“ወየው ልጄ፣ እንዴት ከሳሽ።”

“አንቺም ጠቆርሽ።” ሳቀች። “ይኸ ሁሉ ከሰል ለኔ ነው? ሂጂ በይ፣ አትቁሚ። እሱን ይዘሽልኝ ነይ።”

ከኋላዋ፣ ነገረኛዋ የሚሏት እስረኛ ድምፅ ተሰማ። “ብርድ ልብሷን ለኔ ሰጥታኛለች፣ እማማ። ኋላ ሀሳቤን ቀየርኩ ብትል አልመልስም።”

በድልድዩ ላይ አስር አለቃዋ ጥቅልሉን ልያዝልዎ አለች። አሮጊቷ ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት።

“ቀላል ነው። ተይው።”

ጥቂት እንደሄዱ ቆሙ። ከድልድዩ በታች ወንዙ ቀጥኖ በድንጋይ መሐል ይፈሳል።

“እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤” አሉ። “ከመምረጥ አዳንሽኝ። እንዲያው ልንገርሽ፣ መኪናው ላይ ሳለሁ መርጬ ነበር። የትኛውን እንደመረጥኩ ግን ማንም አይሰማውም። ከኔ ጋር ይቀበራል።”

አስር አለቃዋ አልጠየቀችም። ወንድ ልጅ ይሆናል ብላ ገመተች፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

የወንዶቹ በር ገበያ መስሏል። ሚስቶች፣ እናቶች፣ እኅቶች፤ አንዷ ሕፃን አዝላ፣ ሌላዋ የባሏን ካፖርት ከነማንጠልጠያው ይዛ። ከአርባ ስድስት ወንዶች አርባ አንዱ ዋስ አግኝተዋል። ለብዙዎቹ የፈረሙላቸው ሴቶች ናቸው። ከዘጠኙ ሴቶች ግን እስከ ዛሬ የወጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሴቶች ባሎች ወይ ሌላ አግብተዋል፣ ወይ በሕይወት የሉም። ነገረኛዋ ተጠይቃ “የኔ ዋስ መቃብር ውስጥ ነው፤ ያስገባሁትም እኔው ነኝ” ብላ የሴቶቹን ጸሐፊ አስቃው ነበር።

“ደግሞ አንቺ ከዚህ ምን ትሠሪያለሽ?” አለ የበሩ ሃምሳ አለቃ አስር አለቃዋን ሲያይ። “ባል ልትመርጪ ነው? ዛሬ በብዛት ይወጣል፣ ሞቅ ሞቅ ያለውን ያዢ።”

“ካንተ የተሻለ ከሆነማ እወስዳለሁ። አሳልፈን፣ እኚህ እናት ከሩቅ ነው የመጡት።”

አሮጊቷ ተራቸው ደርሶ አውራ ጣታቸውን በሰማያዊው የማኅተም ቀለም አርሰው ወረቀቱ ላይ ሲጫኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የዚያ በር ጸሐፊ “ይበቃል እማማ፣ ወረቀቱ ይበሳል” እስኪል ጣታቸውን አላነሡም።

ልጃቸው ከውስጥ ሲመጣ መጀመሪያ ሸሚዙ ነው የመጣው። ለተፈቺዎቹ ሁሉ ነጭ ሸሚዝ የሚሰፋው በሴቶቹ ክፍል ነው። የእሱን እኅቱ የሰፋችው ከትዝታዋ ለክታ ነበር። የምታስታውሰው ሰፊ ትከሻ፣ ረጅም ክንድ ያለው የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነው። የወጣው ዐሥራ አንድ ዓመት ድንጋይ የጠረበ፣ ጎበጥ ያለ፣ ጥርሱ የጎደለ ሰው ነበር። እጅጌው ከጣቱ አልፎ ተንጠልጥሏል።

እናቱ አላቀፉትም። እጅጌውን ሽቅብ አጥፈው እጁን ፈልገው አገኙት፤ ያዙት።

“እታለምስ?” አለ።

“ነይ አምጪው ብላኛለች።”

ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። በሴቶቹ ወኅኒ ቢሮ ጸሐፊው ከጽሕፈት መኪናው ኋላ ተቀምጧል። በመስኮቱ በኩል ደግሞ መነጽሩ የሚሏቸው የሕግ ሹም አንድ መዝገብ ያገላብጣሉ። ድንጋጌውን ካረቀቁት አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ባሕር ማዶ ስምንት ዓመት ተምረው የተመለሱ፣ ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላቸው ሰው። ምዝገባው እንዴት እንደሄደ በዓይናቸው ለማየት መጥተው ነበር። አሮጊቷ ሲገቡ ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው።

ልብስ ሰፊዋ በውስጠኛው በር ቆማለች። ለራሷ የሰፋችውን ግራጫ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጠጉሯን በውሃ አርሳ አበጥራዋለች። ወንድሟን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ እጅጌውን አይታ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር አወጣች።

“አበላሸሁት።”

“ኧረ ጥሩ ነው፣ እታለም። ለክረምት ይሆናል።”

ጸሐፊው ቅጹን አስገባ። “የቤት ማስረጃ?” ወንድም እናቱ ከጉያቸው ያወጡለትን የውርስ ወረቀት ሰጠ። “ከእስረኛዋ ጋር ያለህ ዝምድና?” “ወንድም።” “ሥራ?”

ወንድም ወደ እናቱ አየ። “ድንጋይ ጠራቢ።”

“የት?”

“እዚያ ማዶ።”

የጸሐፊው ጣት ፊደሉ ላይ ቆመ። “ማዶ ወኅኒ ውስጥ? የተፈታኸው መቼ ነው?”

“አሁን፣ በስምንት ሰዓት ተኩል።”

ጸሐፊው እጁን ከመኪናው አወረደ። ወደ ሹሙ ዞረ፤ ሹሙ መዝገቡን ዘጉ።

“ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ፤” አለ ጸሐፊው ቀስ ብሎ። “በዚህ ድንጋጌ የተለቀቀ ሰው እስከ አምስት ዓመት ለሌላ ዋስ አይሆንም።”

“ሁለተኛ ገጽ የለውም፤” አለች አስር አለቃዋ። “ከሥሩ ያለው ግልባጩ ነው።”

ጸሐፊው ሁለት ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ ጎን ለጎን አኖራቸው። አናታቸው አንድ፣ ማኅተማቸው አንድ። ከሥር ያለው ጽሑፍ ግን የተለያየ ነበር።

አስር አለቃዋ ወደ ሰሌዳው ሄደች። የሴቶቹ ሰሌዳ የአሮጌ በር ግማሽ ነው፤ ድሮ የአጠባ ተራ ይለጠፍበት ነበር። ግድግዳው ስለሚያረጥብ ወረቀት አይበረክትበትም። ከበላይ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ሁለት ሆኖ ይመጣል፣ ዋናውና የካርቦኑ ግልባጭ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ነው የመጣው። እሷም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዳደረገችው፣ ዋናው እርጥበት እንዳይነካው ብላ ግልባጩን ከሥር በስታርች ለጥፋ ዋናውን ከላዩ አድርጋው ነበር። የወረቀቱን ጥግ በጥፍሯ አነሣች። ከሥሩ ያለው ረጥቦ ቢደበዝዝም ይነበባል። በጣቷ ተከተለችው። አምስት ዓመት ይላል።

ተመልሳ ሹሙ ፊት ቆመች።

“ለምን ተጻፈ?” አለች ሹሙን። እንዲህ ባለ ድምፅ ለአለቃ ተናግራ አታውቅም። “ጌታዬ፣ ይኼ አንቀጽ ለምን ተጻፈ?”

“ሽፍቶች እርስ በርስ ዋስ እየሆኑ እንዳይወጡ። አንዱ ሲወጣ ሌላውን፣ ያኛው ደግሞ…”

“እዚህ ሽፍታ የለም።”

“አውቃለሁ፤ ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ወንድ ሴት አይልም።”

“አይልም፣ ጌታዬ። ማዶ በር ላይ ሴቶቹ ተሰልፈው አይቼ መጣሁ። እኛ በር ላይ ማን ቆሟል? ይውጡና ይዩ።”

ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ መወልወል ጀመሩ። ከጠራም በኋላ ወለወሉት። ያስተማሯቸው ሰዎች እኩል ሕግ ፍትሕ ነው ብለው ነበር፤ እሳቸውም አምነው ነው የተመለሱት። አሁን ምን እንደሚያምኑ ፊታቸው ላይ አልታየም።

“እኔ ልመለስ፤” አለ ወንድም። “ቀላል ነው። የእናቴን ጣት ለእሷ አድርጉት፣ እኔ እገባለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ።”

“የተፈታ ሰው ያለ ወንጀል አይታሰርም፤” አሉ ሹሙ። “እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ወንጀል ልሥራ። ይኸን መኪና ልስበርለት?” አለና ወደ ጽሕፈት መኪናው እጁን ዘረጋ። ጸሐፊው መኪናውን አቀፈ።

“ተው፤” አለች እኅቱ ከበሩ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “በአሥራ አንድ ዓመት የሰፋሁልህን አንድ ሸሚዝ ለብሰህ ልትገባ ነው? ተው ወንድምዬ።”

እናትየው ሰማያዊ አውራ ጣታቸውን እያዩ ነበር። በምራቃቸው አርሰው በቀሚሳቸው ጠረጉት። አልለቀቀም።

አስር አለቃዋ የምትለው አንድ ነገር ቀርቷታል። ቤት አላት፤ ሁለት ክፍል፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። የወኅኒ ሠራተኛ ዋስ አይሆንም ይላል የፊተኛው ገጽ፤ ሥራውን የለቀቀስ? መልቀቂያ ጽፎ ዛሬውኑ ለሹሙ መስጠት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት። ሹሙ እዚሁ ናቸው። ገና ሁለት ሰዓት ይቀራል። ጡረታዋ ደግሞ የሃያ ዓመት ነው፤ የቀራት ዘጠኝ ወር። የግድግዳው ሰዓት ሲመታ ሰማች። አልጠየቀችም።

ከሰል ያመጣው መኪና አራግፎ ተመላሽ ነበር፤ ወደዚያ አገር የሚሄድ ሌላ መኪና እስከ ሰኞ የለም። ሾፌሩ ከደጅ ጥሩምባውን ነፋ።

“ቆይ፤” አለች ልብስ ሰፊዋ። “እጅህን ዘርጋ።”

ከቀሚሷ ደረት ላይ የተሰካ መርፌ ነቀለች፤ ክሩ ነጭ ነበር። በሩ ደፍ ላይ፣ እሷ ከውስጥ እሱ ከውጭ ቆመው፣ የቀኙን እጅጌ እስከ አንጓው አጥፋ መስፋት ጀመረች። ከመተኮሻው የተረፈው ጠባሳ ጣቶቿን አጣጥፏቸዋል፤ መርፌውን ግን እንደ ልቧ ታስኬደዋለች። ወንድሟ እጇን ነበር የሚያየው።

“አታንቀሳቅሰው።”

“አላንቀሳቀስኩም።”

“ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ። ሱሪህን ስለካህ ትስቅ ነበር።”

“አሁን አልሳቅኩም፣ እታለም።”

“እሱን አይቻለሁ።”

የቀኙን ጨረሰች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ጥሩምባው እንደገና ጮኸ፤ የግራው ተንጠልጥሎ ቀረ። ሌላ ክር ለካች፣ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አስገባች፣ ጫፉን ቋጠረች፣ መርፌውን ሸሚዙ ደረት ላይ ሰክታ በእጇ መዳፍ አለሳለሰችው።

“ግራውን እማዬ ትሰፋልሃለች። ዓይኗ ክር አያስገባም፤ አስገብቼላታለሁ በላት።”

አሮጊቷ እዚያው ቆመው ይሰሙ ነበር። ጥቅልሉን እስከዚያ ሰዓት አላስቀመጡትም። አሁን መሬት ላይ ተቀምጠው ፈቱት፤ ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሳቸው ሳቡት። ከውስጡ የወጣው አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ጥቁር፣ ዝቅ ያለ ተረከዝ፣ በጎኑ ዘለበት ያለው የሴት ጫማ፣ በቅባት ተወልውሎ የሚያበራ።

ሌላ ምንም የለም። ሸሚዝ የለ፣ የወንድ ጫማ የለ።

አስር አለቃዋ አየችው። ወንድምየውም አየው፤ ባዶ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ። አሮጊቷ ጫማውን በደፉ ላይ አሳልፈው ሴት ልጃቸው እግር አጠገብ አኖሩት፤ ጨርቁን አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ፣ በወንድ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

“ቁጥሩ ድሮ የነበረው ነው፤” አሉ። “ካልሆነሽ ጥጥ ጨምሪበት።”

ደንቡ ከውጭ የመጣ ጫማ ወደ ውስጥ አይገባም ይላል። አስር አለቃዋ ልብስ ሰፊዋ ጫማውን እስክታነሣ በሩን ያዘችው፤ ከዚያ ዘጋችው። ጫማው ከውስጥ ነበር።

በአሥራ አንድ ሰዓት ጸሐፊው የጽሕፈት መኪናውን በሽፋኑ ሸፈነ። ሹሙ ከዚያ በፊት ሄደዋል፤ ሲወጡ የሰሌዳውን ሁለት ወረቀት ከነስታርቹ ገሽልጠው ኪሳቸው ከተቱ። ግድግዳው ላይ የሻገተ አራት ማዕዘን ቀረ።

ነገረኛዋ ብርድ ልብሱን ማንም ሳያያት በልብስ ሰፊዋ አልጋ ላይ መልሳ ዘርግታዋለች። ኩባያዋም ተመልሷል፤ ማበጠሪያዋም። ሁሉም ነገር ጠዋት በነበረበት ቦታ ነበር።

የስፌት ክፍሉ መርፌዎች ማታ ማታ ይቆጠራሉ። ሃያ አራት ናቸው። አስር አለቃዋ ከመርፌ ትራሱ ላይ አንድ በአንድ እየነቀለች ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት ሆኑ። ድጋሚ አልቆጠረችም። መዝገቡን ከፈተች፣ እርሳሱን በምላሷ አረጠበች፤ በዝግታ፣ ፊደል በፊደል፣ “አንድ ተሰብሯል” ብላ ጻፈች። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያ መዝገብ የጻፈችው የመጀመሪያ ውሸት ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከኋላዋ በስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣ የነገውን ሥራ ጀምራ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ፔዳሉን በባዶ እግሯ ስትረግጥ ድምፅ አልነበረውም። ዛሬ አለው። ተረከዙ ብረቱን ሲነካ ይሰማል፤ ቆም ይልና እንደገና ይሰማል።

አስር አለቃዋ መዝገቡን ዘግታ፣ ቁልፏን በእጇ ይዛ፣ ዞር ሳትል ስትሰማ ቆየች።